ዩፎርቢያ፦ ወተታሙ ተክልና ስሙን የሰጠው ሐኪም

ቁልቋልና ቅንጭብ የሚመደቡበት ወገን በሳይንሳዊ ስሙ ዩፎርቢያ ይባላል። ወደ 2,000 የሚጠጉ ዝርያዎች አሉት፤ መሬት ለመሬት ከሚሳብ አረም አንስቶ ዛፍ እስከሚያህል እሾሃማ ድረስ። መልካቸው ቢራራቅም ሁሉም ሲቆረጡ ነጭ ወተት ያንጠባጥባሉ። ከካክተስ ጋር ለሚያምታታቸው ሰው ይህ ቀላል መለያ ነው።

የስሙ ታሪክ ወደ ሰሜን አፍሪካ ይወስደናል። የዛሬውን የሞሮኮና የአልጄሪያ ሰሜናዊ ክፍል እስከ 23 እ.ኤ.አ. የገዛው ዳግማዊ ዩባ፣ የግብፅ ንግሥት የክሊዮፓትራ ሴት ልጅ ባል፣ መጽሐፍ የሚወድና የሚጽፍ ንጉሥ ነበር። በአትላስ ተራራ ላይ የተገኘውን አንድ መድኃኒተኛ ተክል በግል ሐኪሙ በኤውፎርቦስ ስም ጠራው። ስለ ተክሉም ራሱን የቻለ ጽሑፍ አዘጋጀ። ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ እንደሚለው የሐኪሙ ወንድም የአውግስጦስ ቄሣር ሐኪም የነበረው ሙሳ ነው። ሮማውያን ለሙሳ ሐውልት አቆሙለት፤ የኤውፎርቦስ ስም ግን በየሜዳውና በየተራራው እየበቀለ እስከ ዛሬ አለ። ስዊድናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ካርል ሊኒየስ በ1753 እ.ኤ.አ. ስሙን ለመላው ወገን ሰጠው።

ፕሊኒ አሰባሰቡንም ጽፎታል። ሰብሳቢዎቹ ተክሉን በረጅም ዘንግ ከሩቅ ይወጉታል፤ ወተቱን የሚቀበሉት በግልገል ጨጓራ ነው። ሲደርቅ ዕጣን ይመስላል። ከሩቅ መውጋታቸው ያለምክንያት አልነበረም፤ ወተቱ ቆዳ ያቃጥላል፣ ዓይን ከገባ ደግሞ ለጊዜው ሊያሳውር ይችላል። ሙጫነት ስላለው በውኃ ብቻ አይለቅም፤ የነካው ቆዳ በሳሙና መታጠብ አለበት።

አበባውም ዓይን ያታልላል። አንድ አበባ የሚመስለው ትንሽ ጽዋ ውስጥ አንዲት ሴቴ አበባ መሐል ላይ ትቆማለች፤ ዙሪያዋን የከበቧት ወንዴ አበቦች እያንዳንዳቸው ከአንድ የአበባ ዱቄት ተሸካሚ ዘንግ ያለፈ ነገር የላቸውም። ፖይንሴቲያ በተባለው ዝርያ ላይ የምናደንቀው ቀይ ነገርም ቅጠል እንጂ አበባ አይደለም።

የዚያው የአትላስ ተክል ወተት ሬዚኒፌራቶክሲን የተባለ ንጥረ ነገር ይዟል። በርበሬን የሚያቃጥል የሚያደርገው ካፕሳይሲን የሚነካውን የነርቭ ተቀባይ ይነካል፤ ኃይሉ ግን ከካፕሳይሲን እጅግ ይበልጣል። ተመራማሪዎች ይህን ቃጠሎ ጽኑ ሕመምን ለማስታገስ ሊጠቀሙበት እየሞከሩ ነው።