በግዳጅ ማፈናቀል ምንድን ነው? አቤቱታውስ ወዴት ይደርሳል?

በግዳጅ ማፈናቀል ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ዱላ የያዘ ፖሊስና መንገድ ላይ የተወረወረ አልጋ ነው። ስለዚህ በፒያሳ ወይም በካዛንቺስ ቤቱ የፈረሰበት ሰው «እኔ ማንም አልነካኝም፤ ስብሰባ ጠርተው ልቀቁ አሉን፣ ለቀቅን» ብሎ ራሱን ከዚህ ስም ያወጣል። በዓለም አቀፍ ሕግ ዘንድ ግን መለኪያው ዱላው አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የኢኮኖሚ፣ የማኅበራዊና የባህል መብቶች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣው 7ኛ አጠቃላይ ማብራሪያ መሠረት፣ በግዳጅ ማፈናቀል ማለት ግለሰቦችን፣ ቤተሰቦችን ወይም ማኅበረሰቦችን ተገቢው የሕግ ወይም ሌላ ጥበቃ ሳይደረግላቸው፣ ያለ ፈቃዳቸው፣ ለዘለቄታውም ሆነ ለጊዜው ከሚኖሩበት ቤት ወይም መሬት ማስነሣት ነው።

መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ሲል ሰው ከቦታው ማስነሣቱ በራሱ የተከለከለ አይደለም። መንገድ ይሠራል፣ የፍሳሽ መስመር ይዘረጋል፣ ሊወድቅ የደረሰ ቤት ይፈርሳል። ጥያቄው በምን አኳኋን ነው የሚለው ነው። ኮሚቴው የሚጠይቃቸው ጥበቃዎች ለማንም የሚገቡ ናቸው፦ ከነዋሪው ጋር የእውነት ምክክር ይደረግ፤ በቂ ጊዜ ያለው ማስጠንቀቂያ ይሰጥ፤ መሬቱ ለምን እንደተፈለገ ይነገር፤ በሚፈርስበት ቀን የመንግሥት ኃላፊ በቦታው ይገኝ፤ የሚያፈርሱት ሰዎች ማንነት ይታወቅ፤ በሌሊትና በክፉ የአየር ጠባይ አይፈጸም፤ ቅር የተሰኘ ሰው የሚሄድበት ፍርድ ቤት፣ አቅም ከሌለውም የሕግ ድጋፍ ይኑረው። ከሁሉም በላይ ደግሞ በመፍረሱ ምክንያት ማንም ሰው ቤት አልባ እንዳይሆን። አዳራሽ ውስጥ ሰብስቦ የተወሰነ ነገር መንገር ምክክር አይባልም። ምክክር ማለት የነዋሪው ቃል ውሳኔውን ሊለውጥ የሚችልበት ጊዜ ሳያልፍ መጠየቅ ነው።

ይህ ጉዳይ በመሀል አዲስ አበባ ከሌላው ቦታ ይልቅ የሚወሳሰብበት ምክንያት አለ። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን ወደ መንግሥት ሲያዞር፣ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር ያልበለጡት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። በአራዳ፣ በልደታና በቂርቆስ ሦስት ትውልድ የኖረባቸው የጭቃ ቤቶች አብዛኞቹ ከዚያ የመጡ ናቸው። ነዋሪው የመሬቱ ባለይዞታ አይደለም፣ ቤቱም የእሱ አይደለም። ስለዚህ ሰፈሩ ሲነሣ በምትኩ ሌላ የቀበሌ ቤት ወይም ከፍሎ የሚገዛው ኮንዶሚኒየም ይቀርብለታል እንጂ የቤት ካሳ አያገኝም። ከእሱ በታች ደግሞ ሌላ ሰው አለ፤ ጓዳውን ወይም በአጥሩ ሥር የቀጠለችውን አንዲት ክፍል የተከራየው ደባል። በውሉ ላይ ስሙ የለም፣ ስለዚህ በልማት ተነሺዎች ዝርዝር ላይም ብዙ ጊዜ ስሙ አይገኝም።

የአገር ውስጡ አሠራር የሚጠይቀው «ካርታ አለህ ወይ? ውል አለህ ወይ?» ብሎ ነው። ያው ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጣው 4ኛ ማብራሪያ ግን ሰው ቤቱን የያዘበት መንገድ ምንም ዓይነት ቢሆን፣ ተከራይም ይሁን ሰነድ አልባ፣ በግዳጅ ከመፈናቀል የሚጠብቀው የተወሰነ ዋስትና ሊኖረው ይገባል ይላል። ደባልዋ እናት ለካሳ ባትቆጠር እንኳ ሜዳ ላይ እንዳትወድቅ መብት አላት ማለት ነው። ይህን ነጥብ ከሁሉም አስበልጬ የማነሣው፣ ሰፈር ሲፈርስ ድምፅዋ ቀድሞ የሚጠፋው የእርስዋ ስለሆነ ነው።

ሁለተኛው የሚዘነጋ ነገር የቦታው ጉዳይ ነው። በ4ኛው ማብራሪያ መሠረት ቤት «በቂ» የሚባለው ግድግዳና ጣሪያ ስላለው ብቻ አይደለም፤ ከሥራ፣ ከሕክምናና ከትምህርት ቤት ጋር የሚያገናኝ ቦታ ላይ መሆን አለበት። በመሀል ከተማ ጉልት የምትቸረችር ወይም እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤቶች የምታስረክብ ሴት መተዳደሪያዋ ሰፈሩ ራሱ ነው። ከከተማው ዳር ያሉት ኮዬ ፈጬ ወይም ገላን ጉራ ስትደርስ ከአሮጌው ቤቷ የተሻለ ግድግዳ ልታገኝ ትችላለች፤ ደንበኞቿን ግን አታገኝም፤ የለመደችው ዱቤ የሚሰጣት ባለሱቅም፣ ልጅ የሚይዙላት ጎረቤቶችም፣ ለዓመታት የከፈለችበት እድርም የሉም። ከካሳ ስሌት ውስጥ ብዙውን ጊዜ የሚቀረው ይህ ነው።

የኢትዮጵያ ሕግ በዚህ ረገድ ባዶ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንዑስ አንቀጽ 2 በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት የተፈናቀሉ ወይም ኑሯቸው የተነካ ሰዎች ሁሉ ተመጣጣኝ ካሳ ወይም ሌላ ማካካሻ፣ በመንግሥት በቂ እርዳታ ወደ ሌላ አካባቢ መዘዋወርንም ጨምሮ፣ የማግኘት መብት አላቸው ይላል። «ባለይዞታዎች» አይልም። አንቀጽ 9 ደግሞ አገሪቱ ያጸደቀቻቸውን ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የሕጓ አካል ያደርጋቸዋል፤ የመኖሪያ ቤት መብትን የያዘውን የኢኮኖሚ፣ የማኅበራዊና የባህል መብቶች ቃል ኪዳን ኢትዮጵያ የተቀበለችው በ1985 ዓ.ም. ነው። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ባለይዞታዎች ቦታውን ከማስረከባቸው ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት፣ ቦታው በአስቸኳይ ቢፈለግ እንኳ ከስድስት ወር ባላነሰ ጊዜ፣ ምክክር እንዲደረግ ያዛል። የማስለቀቂያ ትእዛዝ የደረሰው ሰው ለአቤቱታ ሰሚው አካል የሚያመለክትበት ጊዜ 30 ቀን ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት የተነሡ ነዋሪዎች ማስጠንቀቂያቸውን ከዚህ ጋር አስተያይተው ማየት ይችላሉ።

አገር ውስጥ ሰሚ ሲጠፋስ? የካዛንቺስ ሰው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽንን ግቢ አጥር እያየ ኖሯል፤ አቤቱታው ግን እዚያ በር ላይ አይሰጥም። በጄኔቫ ስለ መኖሪያ ቤት መብት የግለሰብ አቤቱታን ተቀብሎ ውሳኔ የሚሰጠው ማብራሪያዎቹን ያወጣው ያው ኮሚቴ ነው፤ ነገር ግን ሥልጣኑን የሚያገኘው እ.ኤ.አ. በ2013 በሥራ ላይ ከዋለው አማራጭ ፕሮቶኮል፣ ማለትም አገሮች ከቃል ኪዳኑ በተጨማሪ ለብቻው ከሚቀበሉት ስምምነት ነው፣ ኢትዮጵያም ፕሮቶኮሉን አልተቀበለችም። በታንዛኒያ አሩሻ የሚገኘው የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ፍርድ ቤትም በተመሳሳይ ምክንያት ዝግ ነው፤ ማቋቋሚያውን ኢትዮጵያ ፈረመች እንጂ አላጸደቀችም።

ክፍት የሆነው አንዱ በር በጋምቢያ ዋና ከተማ ባንጁል ነው። ኢትዮጵያ የአፍሪካን የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ቻርተር ስላጸደቀች፣ ማንኛውም ሰው ወይም ድርጅት ለአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። ቻርተሩ ስለ መኖሪያ ቤት በግልጽ አይናገርም። ሆኖም ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በ2001 በናይጄሪያ ላይ የቀረበውን የኦጎኒ ሕዝብ ጉዳይ ሲወስን፣ የንብረት፣ የጤናና የቤተሰብ መብቶች አንድ ላይ ሲነበቡ የመጠለያ መብትን እንደሚሰጡና በግዳጅ ማፈናቀልን እንደሚከለክሉ አስታውቋል። ቅድመ ሁኔታ አለው፦ በአገር ውስጥ ያሉት መፍትሔዎች ከልክ በላይ ካልተጓተቱ በስተቀር ተሞክረው ያለቁ መሆን አለባቸው፤ አቤቱታው በመገናኛ ብዙኃን ዜና ላይ ብቻ የተመሠረተ እንዳይሆን፤ በስድብ ቃል እንዳይጻፍ፤ በተገቢ ጊዜ ውስጥ እንዲቀርብ። የ30 ቀኗን ማመልከቻ «ምን ዋጋ አለው» ብሎ የተወ ሰው ባንጁል ላይ የሚጠየቀው የመጀመሪያው ጥያቄ እርስዋ ናት።

ሁለተኛው በር የተባበሩት መንግሥታት የመኖሪያ ቤት መብት ልዩ ራፖርተር፣ ማለትም ይህን መብት እንዲከታተል የተሾመ ገለልተኛ ባለሙያ ነው። እዚህ አማራጭ ፕሮቶኮል መቀበል አያስፈልግም፤ የአገር ውስጥ ክርክር እስኪያልቅ መጠበቅም የለም፤ ማፈናቀሉ ገና ሳይፈጸም መጻፍ ይቻላል። ራፖርተሩ መንግሥትን በደብዳቤ ይጠይቃል፣ ደብዳቤውና፣ መልስ ከመጣ፣ መልሱም ከጊዜ በኋላ ለሕዝብ ይፋ ይሆናሉ። ቡልዶዘር የሚያቆም የፍርድ ትእዛዝ አይደለም። መንግሥት ግን ስለ አንድ ሰፈር በጽሑፍ እንዲመልስ ይጠየቃል፤ መልስ ከሰጠ ያ መልስ በኋላ ማስረጃ ነው።

ሦስተኛው የሚከፈተው ገንዘቡ ከውጭ ሲመጣ ብቻ ነው። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ1993 ያቋቋመው የኢንስፔክሽን ፓነል ባንኩ በሚደግፋቸው ፕሮጀክቶች የተጎዱ ሰዎችን ይሰማል፤ ከጋምቤላ የተሰደዱ አኙዋዎች እ.ኤ.አ. በ2012 አመልክተው ምርመራ ተደርጓል። በከተማው ወይም በባለሀብት ገንዘብ ለሚፈርስ ሰፈር ይህ አይሠራም።

ወዴትም ቢጻፍ ግን ማስረጃው የሚሰበሰበው ሰፈሩ ቆሞ ሳለ ነው። የቀበሌ ቤት ኪራይ ደረሰኝ፣ የመብራትና የውኃ ቢል፣ መታወቂያ፣ ማስጠንቀቂያው የተሰጠበት ቀን፣ የስብሰባው ቀንና የተናገረው ኃላፊ፣ የቤቱ ፎቶግራፍ ከውስጥም ከውጭም። ደባሎች ውል ስለሌላቸው የእድር መዝገብ ትልቅ ዋጋ አለው፤ ማን ከስንት ዓመት ጀምሮ እዚያ እንደኖረ የመዘገበ ሌላ ሰነድ ላይኖር ይችላልና። ማመልከቻው ሲጻፍ እያንዳንዱ አባወራና እማወራ ስሙ ወይም ስሟ ለመንግሥት እንዲገለጽ ይፈቅዱ እንደሆነ ለየብቻ ይጠየቁ፤ በባንጁልም ሆነ በልዩ ራፖርተሩ በኩል ስም ለመንግሥት እንዳይገለጽ መጠየቅ ይቻላል፣ ይህን መወሰን ያለበትም ባለጉዳዩ ራሱ ነው።