የድጎማው ብር የት ገባ?

ለቅሶ ቤትም፣ ሠርግ ቤትም፣ ታክሲ ውስጥም ይቺ ወሬ ትከተለኛለች። «ገበሬውማ ምን አለበት፤ መንግሥት በየዓመቱ የድጎማ ብር ይሰጠዋል!» በአንድ የገበሬዎች መሠረታዊ ማኅበር ውስጥ በሂሳብ ሠራተኝነት ዘጠኝ ክረምት አሳልፌያለሁ። ለማዳበሪያ ብር ስቀበል ኖርኩ እንጂ ለገበሬ የድጎማ ብር ስቆጥር የዋልኩበት አንድም ቀን የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማዳበሪያ ከውጭ የሚገዛው በዶላር ነው። የኢትዮጵያ ግብርና ሥራዎች ኮርፖሬሽን ያስመጣዋል፣ በጅቡቲ ወደብ ይገባል፣ በዩኒየን (በመሠረታዊ ማኅበራቱ ኅብረት) በኩል የመሠረታዊ ማኅበሩ መጋዘን ይደርሳል። የመግዣው፣ የመርከቡና የመኪናው ወጪ ተደምሮ ገበሬው ከሚጠየቀው ዋጋ ሲበልጥ ልዩነቱን መንግሥት ይሸፍናል። ድጎማ የሚባለው ያ ልዩነት ነው። በ2014 የማዳበሪያ ዋጋ በዓለም ገበያ ሲሰቀል መንግሥት 15 ቢሊዮን ብር መድቦ ነበር። ከዚያ ውስጥ ገበሬው እጅ ላይ የተቆጠረ አንድ ብር የለም። እሱማ የቀረውን ዋጋ ከኪሱ ከፍሎ ነው ማዳበሪያውን በአህያ የጫነው።

የአንድ ጎረቤታችን የወንድም ልጅ ጀርመን ይኖራል። አምና በስልክ «የድጎማው ብር የት ገባ? አሁንም ላክልኝ ይሉኛል?» ብሎ አጎቱን አስቀየማቸው። ሰውየው በማግስቱ ደረሰኛቸውን በፌስታል ጠቅልለው እኔ ቤት መጡ። «አንተ የሂሳብ ሰው ነህ፤ ብሩ የቱ ጋ እንደተጻፈ አሳየኝ» አሉኝ። ዘርግቼ አየሁት። ሁለት ኩንታል ዩሪያ፣ አንድ ኩንታል ዳፕ፣ የተከፈለ ብር፣ ፊርማ። ድጎማ የሚል መስመር የለውም። በልጁም አልፈርድም። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ለገበሬ በሄክታር እየተሰላ ክፍያው ቀጥታ ባንክ ይገባለታል። እዚያ ያየውን እዚህ ፈለገ።

«ድጎማው የሚደርሰው ለድሃው ነው» የሚሉም አሉ። እስቲ አስቡት፤ ቅናሹ ያለው ኩንታሉ ላይ ነው። አራት ኩንታል የገዛ፣ አንድ ኩንታል ከገዛው አራት እጥፍ ተደጎመ ማለት ነው። መሬቷን ለእኩል አራሽ የሰጠች መበለት ደግሞ ስሟ የገዢዎች መዝገብ ላይ ጭራሽ የለም።

«ሴፍቲኔትም ያው ድጎማ ነው።» አይደለም። ከ1997 ጀምሮ ያለ የምግብ ዋስትና ፕሮግራም ነው፤ አብዛኛው ተጠቃሚም የሚከፈለው እርከን ሠርቶ፣ መንገድ ጠርጎ ነው።

«ዋጋው ከጨመረ ድጎማው ቀርቷል።» ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ድጎማው ባለበት ቢቆይ እንኳ የዶላሩ ጭማሪ ገበሬው ላይ ማረፉ አይቀርም።

በጣም የሚያናድደኝ ግን «ከተደጎመ አይቀር በደንብ ይበተን» የሚሉት ነው። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው። አፈር ሳይለብስ ላይ ላዩን ተበትኖ ከዋለ ከፊሉ ተንኖ ሊጠፋ ይችላል። ጤፍ ላይ ሲበዛ ደግሞ አገዳው ይመዘዝና ዝናብ ሲመታው ይተኛል፤ አጨዳው መከራ ነው። ስለዚህ አፈሩ ሲረጥብ ጠብቁ። በሁለት ጊዜ አካፍላችሁ ስጡት፤ ከተቻለም አፈር አልብሱት። ከረጢቱን ባዶ መሬት ላይ አታስቀምጡ፣ ሥሩ እንጨት ደርድሩ። እርጥበት ከነካው እንደ ድንጋይ ይጓጉላል። ስትረከቡ 50 ኪሎ መሙላቱን አስመዝኑ፤ «ወረፋ አታብዛ» ቢሏችሁም አስመዝኑ። ደረሰኙንም አትጣሉ፤ ከጀርመን ደውሎ የሚጠይቅ የወንድም ልጅ አይጠፋም።