«በመልኳ ነው» ለሚሉ፦ ሪታ ሄይዎርዝ እና የሚወራባት

ዳንስ አስተምራለሁ። የአሜሪካዊቷን ተዋናይት የሪታ ሄይዎርዝን ፊልም ባሳየሁ ቁጥር ከተማሪዎቼ አንዱ «እሷማ ለዝና ያበቃት መልኳ ነው» ማለቱ አይቀርም። መስማት ሰልችቶኛል።

በትውልድ ስሟ ማርጋሪታ ካንሲኖ የምትባለው ሪታ እ.ኤ.አ. በ1918 ኒው ዮርክ፣ ብሩክሊን የተወለደችው ከዳንሰኛ ቤት ነው። አባቷ ኤድዋርዶ ከስፔን የመጣ ዳንሰኛ ነበር፤ ገና በሕፃንነቷ ልምምድ ያስጀመራትም እሱ ነው። እኩዮቿ ትምህርት ቤት ሲውሉ እሷ የአባቷ የመድረክ ጓደኛ ሆና በሜክሲኮዋ ቲኋና ትደንስ ነበር። ወደዚያ የሄዱት ለካሊፎርኒያ የምሽት ክበቦች ዕድሜዋ ስላልደረሰ ነው። የፎክስ ፊልም ኩባንያ ኃላፊም ዓይኑ ያረፈባት ስትደንስ ነው።

«ጊልዳ የተባለው ፊልም በአንድ ሌሊት ኮከብ አደረጋት» የሚለው ደግሞ ይብሳል። ፎክስ በ1935 ከሌላ ኩባንያ ጋር ሲዋሃድ አዲሱ አለቃ አሰናበታት፤ የታጨችበትን ዋና ሚና ሎሬታ ያንግ ወሰደችው። ቀጥሎ የመጣው በትንሽ ገንዘብ በጥድፊያ የሚሠራ የካውቦይ ፊልም ነው። አድናቂዎቿ ይህን ዘመን እንደ ውርደት ይዘሉታል፤ እኔ ግን ተማሪዎቼን በግድ አሳያቸዋለሁ። ከ1937 ፊልሞቿ በአንዳንዶቹ የመጠጥ ቤት ዳንሰኛ ሆና ስትገባ ተመልከቱ፤ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ተሰጥቷት እንኳ ቦታውን ትሞላዋለች። በ1938 ደግሞ የተበደሉ ገበሬዎችን የምትመራ ሽፍታ ሆና ፈረስ ላይ ወጣች። ጊልዳ የመጣው በ1946 ነው። በዚያ ፊልም ዝነኛ የዳንስ ትዕይንት የምታወልቀው ከጓንት ብዙም አያልፍም፤ ቀሪውን የሚሠሩት ትከሻዋና ወገቧ ናቸው። ያንን እንቅስቃሴ ያሰናዳው ጃክ ኮል የተባለ የዳንስ ባለሙያ ነው፤ መልክ ብቻ ያላት ሴት አትሠራውም።

አንዲት ቆንጆ ተማሪዬ ለፊልም ምርጫ ቀርባ ከበር እስከ ወንበር እንድትራመድ ስትታዘዝ እግሯ ተሳሰረ። ሚናውን ያገኘችው ማንም ለመልኳ ዞር ብሎ የማያያት ጓደኛዋ ናት፤ ልምምድ አምልጧት አያውቅም። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁን ፎቶግራፍ ቤት ከመውሰዳችሁ በፊት መራመድን፣ ቆሞ መጠበቅን፣ በሙዚቃ መተንፈስን ትማር። ቃለ ተውኔት መሸምደዱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ሪታን «ሜክሲኮአዊት ናት» የሚሉም ተሳስተዋል፤ አባቷ ስፔናዊ፣ እናቷም አሜሪካዊት ናት። በጊልዳ የምትሰሙት የዘፈን ድምፅ ደግሞ የራሷ ሳይሆን በአብዛኛው የዘፋኟ የአኒታ ኤሊስ ነው።

«በመጠጥ ጠፋች» የሚሉም አሉ። ትጠጣ ነበር። ነገር ግን በ1972 የመጨረሻ ፊልሟ ላይ ንግግሯን መያዝ ያቃታት አእምሮዋ እየታመመ ስለነበር ነው። በሽታው አልዛይመር መሆኑ የታወቀው ከዓመታት በኋላ ነው፤ በ1987 እስክታርፍም ልጇ ያስሚን አጋ ካን አስታመመቻት። እባካችሁ ሕመሟን ጥፋት አድርጋችሁ አታውሩባት።