የታንኳ ሠሪው መዳፍ፦ ስለ ዘር ደረጃ የምንሳሳታቸው ነገሮች

«ካስት የሕንድ ነገር ነው።»
ቃሉ የመጣው ከፖርቱጋልኛው «ካስታ» ሲሆን ዘር፣ ትውልድ ማለት ነው። የሕንዱ ሥርዓት በሃይማኖት ትምህርት የታሰረ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ቡድኖች ያሉት ስለሆነ ከእኛው ጋር አንድ ነው አይባልም። ምልክቶቹ ግን ጣና ዳርም አሉ፤ ደረጃህ በልደት ይወሰናል፣ ጋብቻ አጥሩን አይዘልም፣ ከአንድ መሶብ አትበላም። የጣና ዳሩ ታንኳ ሠሪ ነገደ ወይጦው፣ ቀጥቃጩ፣ ፋቂው፣ ሸክላ ሠሪዋ የኖሩት እንዲህ ነው።

«ጉዳዩ ድህነት ነው፤ ገንዘብ ሲመጣ ይቀራል።»
ዋናው ስህተት ይሄ ይመስለኛል። ሀብታም ይደኸያል፣ ድሃ ይከብራል፤ መደብ እንዲህ ነው። ካስት ግን ኪስ አያይም። የታንኳ ሠሪው ልጅ ደንገል (ታንኳ የሚታሰርበትን የሐይቅ ዳር ተክል) ማጨዱን ትቶ ቢሮ ቢገባ እንኳ ሽማግሌ የላከ ቀን «የማን ዘር ነው?» ይባላል። (ሰባት ቤት የሚቆጠረው ዘመዳሞች እንዳይጋቡ ነበር፤ እግረ መንገዱን ይህንንም ያጣራል።)

ልጅ ሆኜ ያየሁትን ልንገራችሁ። ታንኳ ሊያስረክብ የመጣ ሰው ውሃ ጠየቀ። ኩባያ አልሰጡትም፤ ጎንበስ ብሎ ሁለት መዳፉን አጣመረና ከላይ አንቆረቆሩለት። ጣቶቹ ላይ የደንገል ልጣጭ ደርቆ ተጣብቋል። ታንኳውን ግን፣ በእነዚያው ጣቶች ስንዝር በስንዝር የታሰረውን፣ ያኑ ዕለት ማንም ሳይጠየፍ ተሳፈረበት።

«ወይጦዎቹ የተገለሉት ጉማሬ ስለሚበሉ ነው።»
ሰበቡ ይህ ነበር፤ እስልምናን ቢከተሉም ሌላው ሙስሊም እንኳ ይርቃቸው ነበር። አብዛኞቹ አደኑን ከተዉ ቆዩ፣ መገለሉ ግን አብሮ አልቀረም። ደግሞስ ቀጥቃጩ ምን በላ? የሚበላው ያንኑ የገበሬውን እህል ነው፤ ማረሻውንም የሚሠራለት እሱ ነው። ለሱ ደግሞ «ቡዳ» የሚል ስም ወጣለት።

«ራሳቸው መቀላቀል አይፈልጉም።»
በሩን ማን ከፍቶላቸው?

«በአዋጅ ቀርቷል።»
ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ብረት ሠሪው «ጠይብ»፣ ሸማኔው «ቁጢት በጣሽ» እየተባለ እንዳይሰደብ አውጀዋል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25ም በትውልድ ልዩነት ማድረግን ይከለክላል። ሁለቱም ቀላል ነገር አይደሉም፤ ሕገ መንግሥቱ ቀጣሪንና ትምህርት ቤትን ያስገድዳል። ጎረቤት ቡና ሲጠራራ የማን ደጅ እንደሚታለፍ ግን አይቆጣጠሩም።