«አሮጌ ስለሆነ ውድ ነው»፦ ስለ ቆዩ መጻሕፍት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ሟች ባለቤታቸው የተዉትን መጻሕፍት በሁለት ማዳበሪያ አስጭነው አመጡልኝ። ከላይ ያሉት በደርግ ዘመን ሞስኮ ላይ በአማርኛ የታተሙ፣ ሽፋናቸው ጠንካራ የሆነ የሌኒን ሥራዎች ነበሩ። «እነዚህ ዕድሜ ጠገብ ናቸው ልጄ፤ በደህና ዋጋ አንሳቸው» አሉኝ። ከማዳበሪያው ሥር ደግሞ በስቴንስል የተባዛ፣ አራት ቦታ የታጠፈ አንድ «ዴሞክራሲያ»፣ የኢሕአፓ የድብቅ ጋዜጣ፣ ወጣ። «እሱ ወረቀት ነው፤ ጣለው» አሉ። ለሌኒኖቹ ከሰጠኋቸው የበለጠ ለዚያች ወረቀት ስከፍላቸው የምቀልድ መስሏቸው ነበር።

አሮጌ መጻሕፍት በመግዛትና በመሸጥ ከምኖርባቸው ዓመታት የተማርኩት ብዙው ነገር በዚያ ማዳበሪያ ውስጥ ነበር።

«ካረጀ ውድ ነው» የሚለው አመለካከት ከሁሉም ይበልጥ የተለመደው ነው። ዕድሜ ብቻውን ዋጋ አያመጣም። ስንት ቅጂ ተርፏል? ስንት ሰው ይፈልገዋል? ቅጠሎቹስ ሙሉ ናቸው? ዋጋ የሚቆረጠው በእነዚህ ጥያቄዎች ነው። የሞስኮዎቹ ትርጉሞች በብዛት ገብተው በርካሽ ስለተሸጡ ዛሬም በየቤቱ አሉ። ጥሩ መጻሕፍት ናቸው፤ የሚያነባቸው ሰው በትንሽ ገንዘብ ማግኘቱም ደስ ያሰኘኛል። ብርቅ ግን አይደሉም።

«በራሪ ወረቀት መጽሐፍ አይደለም፣ ዋጋ የለውም» የሚለው ደግሞ በጣም የሚያሳዝነኝ ነው፤ በዚህ ስህተት የጠፋው ተመልሶ አይገኝምና። ከ1966ቱ አብዮት ወዲህ የኢሕአፓ «ዴሞክራሲያ» እና የመኢሶን «የሰፊው ሕዝብ ድምፅ» ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፉ ነበር። ቀይ ሽብር ሲመጣ እንዲህ ያለ ወረቀት ቤቱ የተገኘበት ሰው ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቅ ነበር። ስለዚህ እናቶች ምድጃ ውስጥ ጨመሩት፣ ወንድሞች ጓሮ ቀበሩት። የተረፈው በአብዛኛው እንደዚያ እንደ ሟቹ ወረቀት በመጻሕፍት መሐል ተደብቆ የተረሳው ነው። መጽሐፍ ሽፋን አለው፣ መደርደሪያ አለው፤ ወረቀትን ግን ማንም አይጠብቀውም። የቴአትር ፕሮግራም፣ የትምህርት ቤት መጽሔት፣ የምርጫ ቅስቀሳ ወረቀት፣ የዕድር መተዳደሪያ ደንብ፣ ሁሉም እንደዚሁ ነው። ቤታችሁ ካለ ዘርጉት፣ ከፀሐይና ከርጥበት አርቁት፣ ፕላስቲክ ውስጥ ግን አታስጠርዙት። በሙቀት የተለበጠ ወረቀት ከዚያ በኋላ አይላቀቅም።

የመጀመሪያ እትም ነው የሚባለው ነገርም ብዙ ያሳስታል። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ወጥቶ ወዲያው ከገበያ መሰብሰቡን የማያውቅ አንባቢ የለም። ስለዚህ እያንዳንዱ ባለቤት የያዘው ያኔ የተደበቀው ቅጂ ይመስለዋል። መጽሐፉ ግን ከደርግ በኋላ በድጋሚ ታትሟል። በአጠቃላይ ሰው የሚሳሳተው መቅድሙ ሥር ያለውን ቀን እያየ ነው። ያ ቀን ጸሐፊው ብዕሩን ያስቀመጠበት ነው፤ መጽሐፉ አሥር ጊዜ ቢታተምም አይለወጥም። መታየት ያለበት ከርእሱ ገጽ ጀርባ ወይም ከመጨረሻው ቅጠል ላይ ያለው የማተሚያ ቤቱ ስምና ዓመት ነው። ፊደሉ ዳርና ዳሩ የደበዘዘ ከሆነም ከሌላ ቅጂ ፎቶ ተነሥቶ የተባዛ እንደሆነ ጠርጥሩ።

የዘመን አቆጣጠሩ ነገር በተለይ ውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችንን ያስቸግራል። «ፍቅር እስከ መቃብር» ላይ 1958 የሚለውን ያየ የባሕር ማዶ ሻጭ የአውሮፓ ዓመት አድርጎ ቢመዘግበው መጽሐፉን ከሰባት ዓመት በላይ አስረጀው ማለት ነው። የተገላቢጦሹም አለ። የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» ሮም ላይ የታተመው በአውሮፓውያን 1908፣ በእኛ 1900 ነው። ሁለቱን ቁጥሮች በየጽሑፉ ያነበበ ሰው ሁለት እትም ያለ ይመስለዋል፤ የሌለውንም «የ1900 እትም» ሲፈልግ ይኖራል።

«አሳድሼ ልሽጠው።» ይህን ስሰማ ልቤ ይመታል። አንድ ወጣት ከአያቱ የወረሰውን፣ በ1920ዎቹ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት የታተመ መጽሐፍ አመጣልኝ። ከመምጣቱ በፊት ጠራዥ ዘንድ ወስዶት ነበር። ቀይ ሰው ሠራሽ ቆዳ ለብሷል፤ ስሙ በወርቅ ቀለም ተጽፏል። ስከፍተው ሦስቱም ጠርዝ በመቁረጫ ማሽን ተስተካክሏል። አያትየው በየኅዳጉ በእርሳስ ማስታወሻ ይጽፉ ኖሯል፤ ከእያንዳንዱ መስመር መጨረሻ ላይ ሁለት ሦስት ፊደል ተቆርጦ ሄዷል። «ያንጊዜ እኔ...» ይልና ቃሉ ጠርዙ ላይ ያበቃል። የተነሣውን ሽፋን ጠይቄው ነበር፤ ጠራዡ ዘንድ ቀርቷል። ልጁ ጥፋቱ አልነበረም፣ አያቱን ያከበረ መስሎት ነው። የተበጠሰውን ስፌት ባለሙያ ቢያጠብቀው፣ የላላውንም ሽፋን በንጹሕ ወረቀት ጠቅልሎ ቢያስቀምጠው ይበቃ ነበር። ስኮች የሚባለው ማጣበቂያ ፕላስተር ደግሞ ከምስጥ አይተናነስም፤ ሙጫው ቢጫ ሆኖ ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል።

ከዚሁ ጋር «የተጻፈበት መጽሐፍ ረክሷል» የሚሉም አሉ። ለመማሪያ መጽሐፍ እውነት ሊሆን ይችላል። ለቆየ መጽሐፍ ግን የባለቤቱ ስም፣ የስጦታ ቃል፣ የገዛበት ቀንና ዋጋ የመጽሐፉ የሕይወት ታሪክ ነው። የንጉሠ ነገሥቱ ሥዕል የነበረበት ቅጠል ተቀዶ የወጣባቸው መጻሕፍት ይገጥሙኛል፤ ጉድለት ነው፣ ዋጋ ይቀንሳል፣ ግን የተቀደደበትን ዘመን ይናገራል። አንድ ምልክት ብቻ ያስቆመኛል፦ የቤተ መጻሕፍት ማኅተም። በሕጋዊ መንገድ የተወገደ ሊሆን ይችላል፤ ማኅተሙ በምላጭ ተፍቆ ከሆነ ግን አልነካውም።

ብራናን በተመለከተ ሁለት ስህተቶች አብረው ይሄዳሉ። አንደኛው «ብራና ሁሉ ጥንታዊ ነው» የሚለው ነው። ቆዳ የሚፍቁ፣ ቀለም የሚበጠብጡ ጸሐፍት ዛሬም አሉ፤ ሥራቸውም የተከበረ ነው። ክፋቱ አዲሱን በጢስ አጥቁሮ የጥንት ነው ብሎ መሸጥ ነው። እውነተኛ እድፍ ቦታ ይመርጣል፤ አውራ ጣት ቅጠሉን በሚገልጥበት ማዕዘን ላይ ይጠቁራል፣ መሐሉ ግን ነጣ ብሎ ይቀራል። የጢሱ ጥቁረት ሁሉንም እኩል ያዳርሳል።

ሁለተኛው «የአያቴ ዳዊት ስለሆነ ለፈለግሁት እሸጠዋለሁ» የሚለው ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ለንግድ መግዛትና መሸጥን፣ ያለ ፈቃድም ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። ውጭ አገር የገበያው አስተያየትም እየተለወጠ ነው። በአውሮፓውያን 2021 እንግሊዝ ውስጥ ዶርሴት ላይ ከመቅደላ የተወሰደ የብራና መጽሐፍ ለጨረታ ሊቀርብ ሲል በኤምባሲያችን ጥያቄ ከጨረታው ወጣ፤ በኋላም ወደ አገሩ ተመለሰ።

«ፎቶ ከተነሣ ዋናው ቢጠፋ ምን ቸገረን» ለሚሉም መልስ አለኝ። በ1960ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ በሺህ የሚቆጠሩ መጻሕፍትን ቀርጿል፤ ዛሬ ሊቃውንት የፊልሙ ቅጂ ባለበት በአሜሪካ ሚኒሶታ ተቀምጠው ያነቡታል። ፊልሙ ግን የቆዳውን ውፍረት፣ የስፌቱን አሠራር፣ ከማኅደሩ ሥር የተደበቀውን ቁራጭ አያሳይም። ይልቅ ሌላ ጥቅም አለው፤ መጽሐፉ ከደብሩ ሲጠፋ የማን እንደነበር ይመሰክራል።

የጥንት ጸሐፍት ይህን አስቀድመው አስበውበታል። ብዙ ብራና ላይ በግእዝ «ዛቲ መጽሐፍ» («ይህች መጽሐፍ») ብሎ የደብሩ ወይም የባለቤቱ ስም ይከተላል፣ ከዚያም የሰረቀውና የፋቀው በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን የሚል ግዝት አለ። እኔ ብራና አልገዛም። ቢሆንም ይዘው የሚመጡ አሉ። የመጨረሻውን ቅጠል ከፍቼ ወደ ብርሃን አዘነብላለሁ፤ ስሙ የነበረበት ቦታ ከተፋቀ ቆዳው ይሳሳል፣ ብርሃኑም በዚያ በኩል ያልፋል። ያን ጊዜ ከየትኛው ደብር እንደወጣ ብቻ እጠይቃለሁ።