ሃሎ ምንድን ነው? ከኮሮናስ በምን ይለያል?

ማታ ቀና ስትሉ ጨረቃን የብርሃን ቀለበት ከቧት ታያላችሁ። አንዱ «ሃሎ ነው» ይላል፣ ሌላው «የለም፣ ኮሮና ነው»። ስሞቹ ይምታቱ እንጂ ነገሩ ለየቅል ነው።

ሃሎ የግሪክ ቃል ነው፤ የመጀመሪያ ትርጉሙ አውድማ ነበር። አዎ፣ በሬዎች እየዞሩ እህል የሚያበራዩበት ክብ መሬት! ከዚህ የተሻለ ስም አይገኝለትም። ሃሎ ሰፊ ነው፤ ጨረቃዋ ከመሃል፣ ቀለበቱ ራቅ ብሎ። የሚፈጠረው ከፍታ ላይ ባለ ስስ ደመና ውስጥ ነው፤ ባለ ስድስት ጎን የበረዶ ቅንጣቶች ብርሃኑን ሲሰብሩት። በብዛት የሚታየው ሃሎ ከጨረቃዋ 22 ዲግሪ ይርቃል። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ብትለኩት አንድ ስንዝር ያህል ነው።

ኮሮና በላቲን አክሊል ማለት ነው። እውነትም እንደ አክሊል ጨረቃዋን ተጠግቶ ይቀመጣል፤ ከእሷ የሚርቀው ብዙውን ጊዜ ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው። እዚህ ሥራው የበረዶ ሳይሆን የጥቃቅን ውሃ ጠብታዎች ነው። ካምታታችሁ ቀዩን ቀለም ፈልጉ፦ በሃሎ ከውስጥ ነው፣ በኮሮና ከውጭ። የጨረቃ ሃሎ ግን ቀለሙ ስለሚደበዝዝ ነጭ ብቻ ሊመስል ይችላል። ያኔ ስንዝሩን እመኑ።

ነገሩን የሚያወሳስበው ኮሮና ሌላ ትርጉምም ስላለው ነው። ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ስትጋረድ ዙሪያዋን ብቅ የሚለው ነጭ ብርሃንም ኮሮና ይባላል። እሱ የደመና ሥራ አይደለም፤ የፀሐይ የራሷ ውጫዊ ከባቢ ነው፣ ሙቀቱም ከአንድ ሚሊዮን ዲግሪ ሴልሺየስ ያልፋል። ያ የምናውቀው የቫይረስ ቤተሰብ እ.ኤ.አ. በ1968 ስሙን ያገኘው በማይክሮስኮፕ ሲታይ ይህንኑ የፀሐይ ኮሮና ስለሚመስል ነው።

ግሎሪ የሚባል ሌላ የብርሃን ቀለበትም አለ፤ የሚታየው ደግሞ ፀሐይን ከኋላ አድርጎ ነው። በአውሮፕላን ስትሄዱ የአውሮፕላኑ ጥላ ደመና ላይ ሲያርፍ፣ ዙሪያውን ባለቀለም ትንሽ ቀለበት አይታችሁ ይሆናል። እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1730ዎቹ በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ላይ የነበሩት ሳይንቲስቶች ቡጌርና ኡሎዋ አንድ የሚገርም ነገር አስተዋሉ። ሰዎች ጎን ለጎን ቆመው እንኳ እያንዳንዱ ክቡን የሚያየው በራሱ ጥላ ራስ ዙሪያ ብቻ ነው። እንግዲህ ሁሉም ቅዱሱ እኔ ነኝ ብሎ ይወርዳል!

ሥዕል ላይ በቅዱሳን ራስ ዙሪያ የሚሣለውን እኛ አክሊለ ብርሃን እንለዋለን። ፈረንጆቹ ይህን ኒምበስ ሲሉት፣ መላ አካልን የሚከበውን ኦሬኦል ይሉታል። የአልሞንድ ፍሬ ቅርጽ ካለው ማንዶርላ ነው፤ በጣልያንኛ አልሞንድ ማለት ነው። ኒምበስ ራሱ በላቲን ደመና ነው፤ የዝናብ ደመናዎች ስም ውስጥ የምናገኘውም ለዚህ ነው።

ቀለበትም ቅርጽም የሌለው፣ ዝም ብሎ የሚፈስ ድምቀት ከሆነ ግን የውጭ ቃል መዋስ አያስፈልግም። ጸዳል አለን።