ጺማሙ ድራጎን ምን ላይ ይተኛ? ስለ ሣጥን ጉዝጓዝ

ጉዝጓዝ ሲባል እኛ ቶሎ የሚመጣብን ቄጠማ ነው። በዓል ሲሆን ቤቱ ይጠረጋል፣ ቄጠማው ይጎዘጎዛል፣ ቡናው ይፈላል። የቤት እንስሳ ሣጥን ውስጥ የሚነጠፈውም ከዚህ የተሻለ ስም የለውም። ጉዝጓዝ ነው። ልዩነቱ ቄጠማው ሲደርቅ ተጠርጎ ይወጣል። ይኼኛው ላይ ግን እንስሳው ይበላበታል፣ ይተኛበታል፣ ይጸዳዳበታል። አንዳንዴም ይልሰዋል።

ጺማም ድራጎን ስሙ ነው የሚያስፈራው እንጂ እንሽላሊት ነው፤ ያውም ገራም። ካደገ ከአፍንጫው እስከ ጭራው ጫፍ ከ45 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ሲቆጣ አገጩ ሥር ያለው እሾሃማ ቆዳ ይነፋና ይጠቁራል። «ጺም» የተባለው እሱ ነው። በቤት ውስጥ በብዛት የሚረባው ዝርያ ሳይንሳዊ ስሙ ፖጎና ቪቲሴፕስ ሲሆን፣ ስሙን ያወጣለት ጀርመናዊው ኤርንስት አል ነው፤ በ1926 እ.ኤ.አ.። አጋሚዴ ከሚባለው የእንሽላሊት ቤተሰብ ነው። በእኛም አገር የዚህ ቤተሰብ አባላት አሉ፤ ድንጋይ ላይ ወጥተው ፀሐይ እየሞቁ ራሳቸውን ከፍ ዝቅ የሚያደርጉትን ያየ ሰው ጠባዩን በከፊል ያውቀዋል።

አገሩ አውስትራሊያ ነው። ነገር ግን አውስትራሊያ የዱር እንስሳቷን ለንግድ ወደ ውጭ መላክ ከከለከለች፣ ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ አሥርታት አልፈዋል። ስለዚህ ዛሬ በአሜሪካም በአውሮፓም ሱቅ የሚሸጠው ቅድመ አያቶቹ ሣጥን ውስጥ የተፈለፈሉ ነው። ውጭ አገር ልጅ የሚያሳድግ ሐበሻ ቤት ውስጥም አልፎ አልፎ ይገባል። ውሻው «ቤት ያቆሽሻል»፣ ድመቷ «ፀጉሯ ይበናል» ከተባለ በኋላ ልጁ የቀረውን ይዞ ይመጣል። ከዚያ የመጀመሪያው ጥያቄ፦ ከሥሩ ምን እናንጥፍለት?

የበረሃው ሥዕል

ሰውን የሚያሳስተው «በረሃ» የሚለው ቃል ነው። የአውስትራሊያ መሃል በረሃ ነው ሲባል ዓይናችን ላይ የሚመጣው ነፋስ የሚቆልለው ልል አሸዋ ነው። ጺማም ድራጎን በአብዛኛው የሚኖረው ግን እንደዚያ ዓይነት ቦታ አይደለም። የኒው ሳውዝ ዌልስና የኩዊንስላንድ ምዕራባዊ ክፍል፣ የደቡብ አውስትራሊያ ምሥራቅ፣ እነዚህ ናቸው ዋና ሰፈሮቹ። ደረቅ ጫካ፣ ቁጥቋጦ፣ ድንጋያማ ሜዳ። መሬቱ በብዙ ቦታ ቀይ ነው፤ አሸዋና ሸክላ ተቀላቅሎ ፀሐይ የጠበሰው። ሲረገጥ እግር አያሰምጥም። በደንብ የተጠቀጠቀ የጭቃ ቤት ወለል ከዚያ ብዙም አይርቅም።

ደግሞም ቀኑን ሙሉ መሬት ላይ አይውልም። ጉቶ ላይ፣ ድንጋይ ላይ፣ የአጥር እንጨት ላይ ወጥቶ ይሞቃል። ሙቀቱ ሲበረታ ወይም ቅዝቃዜው ሲመጣ መሬት ይጭርና ይሸሸጋል። እንግዲህ ጥሩ ወለል ሁለት ነገር ይፈለግበታል። ሲራመድበት የሚጸና፣ ሲቆፍረው ደግሞ የሚቆፈር። ክርክሩ ሁሉ የሚመጣው ሁለቱን አንድ ላይ ማግኘት ስለሚያስቸግር ነው።

አሸዋ አንጀት ይዘጋል?

ስለዚህ እንስሳ የጠየቀ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ማስጠንቀቂያ ይኼ ነው። አሸዋ አታድርግ፣ ይውጥና አንጀቱ ይደፈናል፣ ይሞታል።

እውነት አለው። ጺማም ድራጎን አዲስ ነገር ባየ ቁጥር ይልሳል። ምላሱ አፍንጫውም ጣቱም ነው። ፌንጣ ሲለቀቅለት ደግሞ ተወርውሮ ይለቅማል፤ ፌንጣው መሬት ላይ ከነበረ ከአፈሩም ከጠጠሩም አብሮ ያነሳል። ይህ በየቀኑ ሲደጋገም ሆዱ ውስጥ ይጠራቀማል። ሐኪም ራጅ ሲያነሳው አንጀቱ ውስጥ ነጭ ክምር ሆኖ የሚታይበት ጊዜ አለ።

ግን የዱሩም እኮ አፈር ይውጣል። ጤነኛ፣ የሞቀው፣ ውኃ ያልጎደለው ትልቅ እንስሳ ጥቂት አሸዋ ቢገባበት ከሰገራው ጋር ያስወጣዋል። ብዙውን ጊዜ አንጀቱ የሚደፈነው ሌላ ነገር አስቀድሞ ሲበላሽ ነው። እንሽላሊት የራሱን ሙቀት አያመነጭም፤ ካልሞቀው ምግቡ አይፈጭም። ከመብራቱ ሥር ያለው መሞቂያ ቦታ ከ38 እስከ 42 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ መድረስ አለበት፤ ቀዝቃዛው ጎን ወደ 25 ገደማ። ዩቪቢ የሚባለው መብራት ከሌለው ደግሞ ቫይታሚን ዲ3 አይሠራም፤ ቫይታሚኑ ከሌለ ካልሲየሙ ወደ ሰውነቱ አይገባም፤ አጥንቱ ይለሰልሳል፣ የአንጀቱ ጡንቻም ይሰንፋል። ውኃ ሲያንሰውና ከአፉ የሚተልቅ ትል ሲጎርስም እንዲሁ።

ስለዚህ የእኔ አስተያየት ቀላል ነው። ጉዝጓዝ ከመግዛትህ በፊት የወለሉን ሙቀት ለካ። መስታወቱ ላይ የሚለጠፈው ክብ ቴርሞሜትር የሚነግርህ የመስታወቱን አካባቢ አየር ነው። እንደ ሽጉጥ እየተነጣጠረ የሚለካው የኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ውድ አይደለም፤ እንስሳው ሆዱን የሚያሳርፍበትን ድንጋይ ራሱን ይለካል። በቀዝቃዛ ሣጥን ውስጥ በጋዜጣ ላይ የሚኖር ድራጎንም ሆዱ ይደርቃል። ሰው አሸዋውን አውጥቶ ጥሎ ችግሩ ሳይለቀው ሲቀር ግራ የሚጋባው ለዚህ ነው።

መብላት ካቆመ፣ ለቀናት ካልተጸዳዳ፣ ይባስ ብሎ የኋላ እግሩን መጎተት ከጀመረ ግን ስለ ጉዝጓዝ መከራከሪያው ጊዜ አልፏል። ወደ እንስሳት ሐኪም ነው።

የማይሆኑት

የእህቴ ልጅ ድራጎኑን የገዛበት ሱቅ አብሮ አንድ ከረጢት ቀይ አሸዋ ሸጦለት ነበር። «ካልሲየም ነው፤ ቢበላውም ይጠቅመዋል» ብለውታል። የሚያምር ቀለም ነበረው፤ እኔም ብሆን እገዛው ነበር። ችግሩ «ይጠቅመዋል» የተባለው ላይ ነው። ይህ አሸዋ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ሰው ቃር ሲይዘው ከሚያኝካቸው አንዳንድ ክኒኖች ውስጥ ያለው ራሱ ነገር። ክኒኑ የሚሠራው የጨጓራን አሲድ በማርከስ ነው። እንሽላሊቱ በብዛት ከዋጠው ያው አሲዱ ይረክሳል፣ መፍጨቱ ይዳከማል፣ ያልሟሟው ይቋጥራል። «ይበላል» ተብሎ የተሸጠ ጉዝጓዝ ከተራ አሸዋ የባሰ የሚሆነው እንዲህ ነው።

የተፈጨ የዋልነት ቅርፊት ጠርዙ ስለታም ነው፤ አንጀት ይቧጭራል። የበቆሎ ቆረቆንዳ ፍርፋሪ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ይሻግታል። ሰጋቱራና የእንጨት ፍቅፋቂም አይሆንም፤ በተለይ እንደ ሴዳርና ጥድ ካሉ ሽታቸው ከሚበረታ ዛፎች የመጣው ዘይቱ ሳንባ ያስቆጣል። ደቃቅ ጠጠርም ይቅር።

የጸና ወለል

ጋዜጣና የወጥ ቤት ሶፍት የሚያምሩ አይደሉም። ግን አዲስ ለመጣ እንስሳ፣ ለታመመና ለጫጩት ከዚህ የሚበልጥ የለም። ሰገራው ወዲያው ይታያል፤ ቀጠነ፣ ደም አለው፣ ትል አለው፤ ለሐኪም ናሙና ማንሳትም ይቀላል። ጠቅልለህ ትጥላለህ፣ ሌላ ታነጥፋለህ። መጀመሪያዎቹን ሳምንታት በዚህ ማሳለፍ ጥሩ ልማድ ነው።

ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው የሚያርፈው ሴራሚክ ላይ ነው። እኔም ለጀማሪ የምመክረው እሱን ነው። ከመብራቱ ሥር ያለው እንደ ምጣድ ግሎ ሙቀቱን ይይዛል፤ እንስሳው ሆዱን ለጥፎ ይተኛበታል። ሻካራ ከሆነ ጥፍሩንም ይሞርድለታል። አንጸባራቂውን ለስላሳ ዓይነት ግን አትግዛ፤ እግሩ ይንሸራተታል፣ ፌንጣ ሲያባርር እንደ በረዶ ላይ ይሆንበታል። ስሌት የሚባለው ጥቁር ድንጋይ ካገኘህ እሱ የተሻለ ነው። በማጣበቂያ አትለጥፈው። እንዲሁ ደርድረው፤ ሲቆሽሽ አንዱን አንስተህ ታጥባለህ። ክፍተቱ ውስጥ ፌንጣ እንዳይደበቅ ሶፍት ጠቅጥቅበት። ቁም ሣጥን ውስጥ የሚነጠፈው ማጣበቂያ የሌለው ላስቲክም ይሠራል።

ለእንሽላሊት ተብሎ የሚሸጠው ምንጣፍ ላይ ግን ቅሬታ አለኝ። ክሩ ውስጥ ጥፍር ይያዝና ሲጎትት ይነቀላል። ቆሻሻው ሥር ይገባና ይሸታል። የግድ ከሆነ ሁለት ይኑርህ፤ አንዱ ሲታጠብ ሌላው ይነጠፋል።

አንድ ነገር እግረ መንገድ። ከሣጥኑ ሥር የሚደረግ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ለዚህ እንስሳ አይሆንም። እሱ ሙቀት የሚጠብቀው ከላይ ነው፤ ፀሐይ ከላይ ስለሆነች። ከሆዱ ሥር ሲቃጠል ቶሎ ላያውቀው ይችላል። አፈር ከተደረገበት ደግሞ ሙቀቱ ታፍኖ ይበረታል።

አፈሩ

ለአዋቂና ጤነኛ ድራጎን፣ ሙቀቱንና መብራቱን ላስተካከለ ሰው፣ ከሁሉም የሚበልጠው እውነተኛ መሬት ነው። ልል አሸዋ ማለቴ አይደለም። ማዳበሪያም ፀረ ተባይም ያልገባበት የአትክልት አፈር ሦስት እጅ፣ የታጠበ የልጆች መጫወቻ አሸዋ ሁለት እጅ። በወንፊት ይነፋል፣ ይቀላቀላል፣ ውኃ እየተረጨ ይታሻል። ከዚያ አንድ እፍኝ ጨብጠህ ልቀቀው። ቅርጹን ይዞ ከቀረ፣ በጣት ሲነካ ግን ከተፈረካከሰ ልክ ነው። ከእጅህ መሃል ውኃ ጠብ ካለ ውኃው በዝቷል፤ ወዲያው ከፈረሰ አንሷል።

ሣጥኑ ውስጥ ስስ አድርገህ ትበትናለህ፣ በጠፍጣፋ እንጨት ትጠቀጥቃለህ፣ እንደገና ትበትናለህ። 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲደርስ መብራቱን አብርተህ እንስሳው ሳይገባ ለቀናት ታደርቀዋለህ። ላዩ በጣም ከተሰነጣጠቀ ሸክላው በዝቷል፤ ከበነነ አሸዋው። ወለሉ በ120 በ60 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ሣጥን ይህ 72 ሊትር ነው፤ ደርቆም መቶ ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ጠረጴዛው ይችለው እንደሆነ አስቀድመህ አስብ።

አንዳንዱ ከዚህ አልፎ አፈሩ ውስጥ ሰገራና ብስባሽ የሚበሉ ጥቃቅን ነፍሳት ይለቃል፣ ደረቅ የሚችል ተክል ይተክላል። ባዮአክቲቭ ይሉታል። ያምራል። ነገር ግን ነፍሳቱ እርጥበት ይፈልጋሉ፣ ድራጎኑ ደግሞ ደረቅ አየር። አንዱን ጥግ ከሥር ብቻ እያራሱ ሁለቱን ማስማማት ይቻላል፤ ትዕግሥት ላለው።

ጽዳት

የትኛውም ይነጠፍ፣ ሰገራ በየቀኑ ይነሳል። ይህ ለሽታ ብቻ አይደለም። እንሽላሊት ጤነኛ መስሎ ሳልሞኔላ ይዞ ሊኖር ይችላል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ዕድሜው ከ5 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ባለበት ቤት እንዲህ ያለ እንስሳ አይመከርም የሚለው ለዚህ ነው። ሴራሚኩን ወጥ በሚሠራበት ሲንክ አትጠበው። በረኪና ከተጠቀምክ አቅጥነው፣ ደህና አድርገህ አለቅልቀው፣ ሽታው እስኪጠፋ አድርቀው። ከዚያ እጅህን በሳሙና።

ሴት ከሆነች

ሴራሚክ ላይ የምትኖር ሴት ድራጎን አንድ ቀን ጥግ ይዛ ወለሉን መቧጨር ትጀምራለች። መስታወቱን ትጭራለች፣ ምግብ ትተዋለች፣ ሆዷ ጎን ለጎን እብጥ እብጥ ይላል። እንቁላል ነው። ወንድ አጠገቧ ባይኖርም ልትጥል ትችላለች፤ ያልዳበረ እንቁላል ይሆናል እንጂ። መቆፈሪያ ካጣች ይዛው ትቆያለች፣ ያ ደግሞ ሊገድላት ይችላል።

ሰፊ የፕላስቲክ ዕቃ ፈልግ። ያንኑ የአፈርና የአሸዋ ድብልቅ፣ አሁን እርጥብ አድርገህ፣ ቢያንስ 20 ሳንቲ ሜትር ሙላ። በእጅህ ጉድጓድ ጀምርላት፤ ጉድጓዱ ሳይናድ መቆም አለበት። አስገባትና ክፍሉን ለቀህ ውጣ። ሰው ሲያያት ታቋርጣለች። ስትመለስ ከጭራዋ በቀር አትታይ ይሆናል። ሃያ ገደማ እንቁላል ጥላ፣ አፈሩን መልሳ ደፍና፣ ላዩን አስተካክላ፣ ግንባሯ ላይ ጭቃ ለጥፋ ከጎኑ ተኝታ ታገኛታለህ። ያኔ ውኃ ስጣት።